የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ፈንግል፣ እምቢ ያለ ፓፓያ እና የጎረቤት እንቅልፍ

ከፋሲካ በኋላ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ግማሹ «ዶሮዎቼ አለቁ» ነው። ግማሹ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ምን ልትከል የሚል። በዚህ ዙር የዶሮው በዝቷል፤ በእሱ ልጀምር።

ጥያቄ፦ ለበዓል ከገበያ አምስት ቄቦች ገዝቼ ከነበሩኝ ጋር ቀላቀልኳቸው። በሳምንቱ አንዷ ተኮራመተች። አረንጓዴ ተቅማጥ ያዛት፣ አንገቷም ተጠመዘዘ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ አለቁ። ቴትራሳይክሊንም ሎሚም ሰጥቻለሁ። የቱ መድኃኒት ነበር የሚያድናቸው? (ከሰንዳፋ)

የነገሩኝ ምልክት ፈንግልን ይመስላል። እርግጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው። ፈንግል ከሆነ ግን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። በሽታው የቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ሎሚውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም ያው ነው።

ነገሩ የተበላሸው ቄቦቹ ግቢ በገቡበት ቀን ነው። የበዓል ገበያ ላይ ከየአካባቢው የመጣ ዶሮ እግሩን ታስሮ ጎን ለጎን ይውላል። ጤነኛ የሚመስለው በሽታውን ይዞ ይመጣል፤ ምልክቱ የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት፣ ለብቻው ይቆይ። መመገቢያውም መጠጫውም የራሱ ይሁን። ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹን ይመግቡ፣ ከዚያ ወደ አዲሶቹ ይሂዱ። በሽታው በጫማና በእጅም ስለሚሻገር ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት።

ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ኤች ቢ ዋን የሚባለው ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ዓይን ላይ ጠብ ይደረጋል። ላሶታ የሚባለው በአንድ ወር ዕድሜ አካባቢ በመጠጥ ውሃ ይሰጣል፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል። የድግግሞሹን ቀን የወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያወጣልዎታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ካለ እሱን ይጠቀሙ። ከሌለ የቧንቧውን በሰፊ ዕቃ ክፍቱን ያሳድሩት። ጠዋት ዶሮዎቹን ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ይከልክሏቸውና ሲጠማቸው ክትባት ያለበትን ያቅርቡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። ብልቃጡም ከሱቅ እስከ ቤት በበረዶ ተከቦ ይምጣ። በኪስ ተይዞ በሚኒባስ የመጣ ክትባት ውሃ ነው ብለው ይቁጠሩት።

አንድ ችግር አለ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ አይቀመጥም። ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ታዲያ «ለስድስት ብዬ?» ይልና ይተወዋል። መፍትሔው ጎረቤት ነው። ሰፈሩ በአንድ ቀን ያስከትብ፣ ወጪውን ይካፈል። እቁብ ለመጣል የሚሰባሰብ ሰፈር ለዚህ አያንስም። እርስዎ ቢከትቡና ጎረቤትዎ ባይከትብ ደግሞ በሽታው ከአጥር ማዶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

የሞቱትን መንገድ ላይ አይጣሉ። ውሻ ይጎትታቸዋል፣ አሞራ ያነሳቸዋል፣ በሽታው ሰፈር ያዳርሳል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሯቸው። ቤቱን ደግሞ ቶሎ አይሙሉት። ሰጋቱራውን ጠርገው ያቃጥሉ፣ ወለሉንና ቆጡን በሳሙና አጥበው በበረኪና ያብሱ፣ ፀሐይ ይምታው። ለጥቂት ሳምንታት ባዶውን ይቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃያ ቦቫንስ የሚባሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ዕድሜያቸው ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። በቀን አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት እንቁላል አነሳ ነበር፤ አሁን ሰባት ካገኘሁ ነው። መኖ ስለተወደደ ግማሹን በፉርሽካ እያቀላቀልኩ ነው። በሽታ ይሆን? (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ መልሱን ጥያቄህ ውስጥ ጽፈኸዋል። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ ከመኖው ውስጥ 16 ወይም 17 በመቶው ፕሮቲን መሆን አለበት። ካልሲየሙም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጣይ መኖ ላይ ይህን ያህል ፉርሽካ ስትጨምር ሆዷ ይሞላል፣ እንቁላል የምትሠራበት ግን ይጎድላታል። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ እንደሆነም እይ። መኖ መወደዱ እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ሃያ ዶሮ በግማሽ ሆድ ከምትይዝ አሥሯን በደንብ ብትመግብ ሒሳቡ ያዋጣሃል።

ሁለት ነገር ጨምረህ እይ። ወለሉ ላይ ላባ በዝቷል? ከሆነ ላባ እየቀየሩ ነው፤ ያኔ መጣል ያቆማሉ፣ አዲሱ ላባ ሲያልቅ ይመለሳሉ። ሌላው ብርሃን ነው። ቦቫንስ የምትፈልገው 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ነው፤ የእኛ ቀን ደግሞ ከ12 ሰዓት ብዙም አያልፍም። አንድ አምፖል ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት፣ ማታም እስከ 2 ሰዓት ቢበራ ልዩነቱን ታየዋለህ። መብራት ከሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ግን አትጀምረው፤ አንድ ቀን በርቶ አንድ ቀን የሚጠፋ ብርሃን ይረብሻቸዋል።

ጥያቄ፦ የዶሮ ኩስ ምርጥ ማዳበሪያ ነው ሲሉኝ ሰላጣዬ ሥር አፈሰስኩት። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቃጠለ። ከዚያ ደግሞ ዶሮዎቹ ራሳቸው ገብተው የቀረውን ጫሩት። (ከለገጣፎ)

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የተባለው ለእርስዎ ዶሮዎች ነው።

ኩሱ ምርጥ ማዳበሪያ መሆኑ አልተዋሸም። ናይትሮጂኑ ኃይለኛ ስለሆነ ትኩሱን ሥር ላይ ሲያደርጉት ያቃጥላል። ሰላጣ ደግሞ በጥሬው የሚበላ ነው፤ ትኩስ ኩስ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኩሱን ከነሰጋቱራው ይሰብስቡ። ደረቅ ቅጠልና ገለባ በብዛት ይደባልቁበት፣ ውሃ ረጨት ያድርጉበት፣ በየሳምንት ሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት። እጅዎን ክምሩ ውስጥ ሲከቱ መሞቅ አለበት። ሦስት አራት ወር ቆይቶ ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ የዝናብ አፈር ሲሸት ደርሷል። አሁንም የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዎን ከሰነፈገው ገና ነው።

ለጭረቱ ከአጥር ሌላ መድኃኒት የለውም። እኔ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ሲያማክረኝ ከዶሮውም ከችግኙም በፊት ሽቦ ግዛ እላለሁ። መደቡ ምርቱን ሰጥቶ ባዶ ሲሆን ያስገቧቸው። ትሉንና የአረሙን ዘር ይለቅሙልዎታል፣ አፈሩንም በነጻ ያገላብጡታል። አዲስ ችግኝ ሲተክሉ መልሰው ይዝጉ።

ጥያቄ፦ ፓፓያዬ ሦስት ዓመት ሆነው። በአበባ ይሸፈናል፣ አንድ ፍሬ ግን የለም። (ከባሕር ዳር)

አበባውን ቀረብ ብለው ይዩት። ቀጫጭን አበቦች በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ወደ ታች ከወረዱ ዛፉ ወንድ ነው። የሴቷ አበባ ወፈር ያለች ናት፤ ግንዱ ላይ፣ ቅጠሉ በወጣበት ብብት፣ ተጣብቃ ትወጣለች። ሥሯም ትንሽ ፓፓያ የመሰለ እብጠት አለው። ወንዴውም ሴቴውም በአንድ አበባ የሆነለት ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ያ ብቻውን ያፈራል።

ወንዱን ማዳበሪያም ሆነ ምስማር አይለውጠውም። (ግንዱ ላይ ምስማር ምቱ የሚሉ አሉ፤ ዛፉን ከማቁሰል በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።) ክረምቱ ሲገባ አጠገቡ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ችግኝ ይትከሉ። ሲያብቡ ወንዶቹን ነቅለው አንዷን ያስቀሩ። ነባሩን ወንድ ግን ሴቶቹ እስኪያፈሩ አይቁረጡት፣ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ፦ የጁስ ቤት ተረፈ ምርት በነጻ አገኛለሁ። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ለዶሮ ይሆናል? (ከአዳማ)

አይሆንም። የአቮካዶ ልጣጭ፣ ፍሬና ቅጠል ለወፍ ዘር መርዝ የሆነ ነገር አለው። የፓፓያና የሐብሐብ ልጣጭ ችግር የለውም። አቮካዶውን ለይተህ ኮምፖስት ውስጥ ቅበረው።

ጥያቄ፦ ሸለምጥማጥ በሌሊት ሁለት ዶሮ ወሰደብኝ። በሩ እኮ ተቆልፎ ነበር! (ከሰበታ)

በሩን ማን አየው? ሸለምጥማጥ በጣሪያና በግድግዳ መሐል ባለው ክፍተት ነው የሚገባው። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። በቀን ቤቱ ውስጥ ገብተው በሩን ይዝጉና ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ ይቁጠሩ። አውራ ጣትዎ የሚያልፍበትን ሁሉ በጠንካራ ሽቦ ይድፈኑ። ተራው የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ይተጣጠፋልም። ከሥርም እንዳይቆፍር ሽቦውን መሬት ውስጥ ዝቅ አድርገው ይቅበሩት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ በሶብላ መትከል እችላለሁ? እናቴ ዘር ልታመጣልኝ ነው።

ይቻላል፣ ግን በሶብላ ውርጭ አይችልም። በመጋቢት ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ በትንሽ ዕቃ ያብቅዪው። ወደ ውጭ የሚወጣው የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው፤ እናንተ ጋ ሜይ አጋማሽ ብትይ አትሳሳቺም። አበባው ሲወጣ ከነዘንጉ ቆርጠሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው፤ ለሽሮና ለበርበሬ የሚፈለገው እሱ ነው። እናትሽን ግን አደራ፦ ዘሩን ኤርፖርት ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለተክል የሚሆን ዘር ደግሞ የጤና ሰርተፊኬት ይጠየቅበታል። ሻንጣ ውስጥ ደብቀው ቢያዙ ቅጣት አለው። ጎመን ካማረሽ ደግሞ እዚያው ኮላርድ የሚሉት አለ። እሱ ውርጭ ሲነካው ጭራሽ ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። ጎረቤቴ መስኮት አጠገብ ነው ቤቱ። ባስወግደው ዶሮዎቹ መጣል ያቆማሉ? (ከአዲስ አበባ፣ የካ)

አያቆሙም። ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። እሱ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚያስፈለፍል ሰው ነው፤ እንቁላል ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት መኖ ከመጨረስ በቀር ሥራ የለውም። ማስወገድ ካልፈለጉ ማታ ጨለማ ባለበት፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ ሳጥን ያሳድሩት። ይቀንሳል እንጂ አይተውም። ለእንቁጣጣሽ ካቆዩት ግን ጥሩ ዋጋ ያወጣል። መጀመሪያ ጎረቤትዎን ይጠይቋቸው፤ ከእሳቸው የበለጠ የሚጓጓ ገዢ አያገኙም።