«ወይ ጹሚ፣ ወይ ተይው» ይባላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። ዐቢይ ጾምን ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል) ተከልክላ ትጾማለች፤ ነገር ግን ጠዋት መድኃኒት ስለምትወስድ እህል ትቀምሳለች። በ2018 ዓ.ም. ጾማችንና ረመዳን በአንድ ሳምንት ሲገቡ፣ ሙስሊም ጎረቤታችን ራሷ እየጾመች ጠዋት ጠዋት እየመጣች እናቴ እስክትቀምስ ድረስ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። እኔ እናቴን «ወይ ጹሚ፣ ወይ ተይው» አልኳት፤ አለቀሰች። ጌታ ለብ ያለውን እንደሚተፋ ተጽፎ የለምን?

መልስ፦ ልጄ፣ ተጽፏል። ዮሐንስ ራእይ 3፥16 ላይ ሳትቆም ግን አንድ ቁጥር ዝቅ በል። የሎዶቅያው ሰው ለብ የተባለው «አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም» ስላለ ነው። እናትህ ግን የቀረባት እያንገበገባት ታለቅሳለች። ይህችን ሴት ከዚያ ሰው ጋር እንዴት አስተካከልካት?

የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ከጤነኛ ለይቶ ያያል። ሥርዓቱም ራሱ ደረጃ ያለው ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እንጾማለን፤ በሰሙነ ሕማማት ጾሙ ይበልጥ ይጠብቃል። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል አንከለከልም፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። «ሁሉ ወይም ምንም» የሚለውን ከየት አመጣኸው? ከአባቶች አልሰማነውም። ጌታችንም መቶ፣ ስድሳ፣ ሠላሳ ያፈራውን ሁሉ መልካም መሬት አለው፤ ሠላሳውን ከእሾሁ ጋር አልቆጠረውም።

ስንፍናን እየሸፈንሁ አይደለም። ጤነኛ ሆኖ ሆዱን መግዛት አቅቶት «ሕመም አለብኝ» የሚል አለ፤ እርሱ ንስሐ ይግባ። በሃይማኖት ነገርም፣ በሥላሴና በሥጋዌው ምሥጢር፣ መካከል ላይ መቆም የለም። በዚያ ያለህን ጽናት እወድልሃለሁ። ያንኑ ቁርጥ ያለ ቃል በታማሚ ሴት ቁርስ ላይ ስታመጣው ግን ያሳዝነኛል። ቅዱስ ጳውሎስ «የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ፥ እግዚአብሔር ተቀብሎታልና» ያለው ለእንደ አንተ ያለው ጿሚ ነው። አንተ ቀኑን ሙሉ ጾመህ በአንዲት ቃል እናትህን አስለቀስህ፤ ከሁለታችሁ ጾሙ የተጎዳበት ማን እንደ ሆነ አስበው።

እናትህ ስንት ሰዓት እንደምትቀምስ የሚወስኑት ሐኪሟና የንስሐ አባቷ ናቸው። መቁረብ ስትፈልግ የመድኃኒቷን ነገር አስቀድማ ለንስሐ አባቷ ትንገራቸው፤ መድኃኒቷን በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ። ስግደቱ ከከበዳት በጸሎትና በምጽዋት ይተኩላታል።

አንተ ግን ዛሬውኑ ጉልበቷን ስመህ ይቅርታ ጠይቃት። ጎረቤታችሁንም አመስግናት፤ አንተ ልትሠራው የሚገባህን ሠርታለችና። ከነገ ጀምሮ መድኃኒቷን የምታቀርብላት አንተ ሁን።