ውሻ ይዞ ፓታፕስኮ ወንዝ ዳር ስለመሄድ

እህቴ፣ «ቅዳሜ እናቴንና አዲሷን ውሻዬን ይዤ ሜሪላንድ ያለው ፓታፕስኮ ቫሊ ስቴት ፓርክ ልሄድ ነው፤ ውሻ ያስገባሉ ወይ? ወንዙስ አያሰጋም?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አራት ዓመት ከውሻዬ ጋር ስመላለስ ያየሁትን ልንገርሽ። ውሻ ያስገባሉ፣ ግን ታስራ መሆን አለባት። «የእኔ ጨዋ ናት» ብለሽ እንዳትፈቻት።

ፓርኩ ወንዙን ተከትሎ ረጅም ስለሆነ መግቢያው ብዙ ነው። እማማ አብረውሽ ካሉ በአቫሎን በኩል ግቢ። እዚያ አካባቢ በ1835 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ እስከ ዛሬ ባቡር የሚሻገርበት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ አሳዪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ግሪስት ሚል የሚባለው የእግር መንገድ አስፋልትና ሜዳ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይመቻል። ወደ ካስኬድ ፏፏቴ የሚወስደው ግን ድንጋይና ሥር የበዛበት ነው። እሳቸውን እዚያ አትውሰጃቸው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ግሪስት ሚል አጠገብ የጭነት ባቡር ሐዲድ አለ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ባቡሩ ድንገት ሲያጓራ ውሻዬ ወደ ኋላ ተጎተተች፣ አንገቷ ላይ ካሰርኩላት ቀበቶ ጭንቅላቷን አውልቃ ወደ ወንዙ ሮጠች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቁጥቋጦ ሥር እየተንቀጠቀጠች አገኘኋት። ያቺን ሃያ ደቂቃ አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ ደረቷን በሚይዘው ሃርነስ ብቻ ነው የማወጣት። ወንዙን የሚያሻግረው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይም ስለሚወዛወዝ ውሾችን ያስፈራል፤ ሰው እስኪቀንስ ጠብቂና ቀስ ብላችሁ ተሻገሩ እንጂ አትጎትቻት።

ወንዙ በደረቅ ቀን ጥልቀቱ አነስ ባለበት እግሯን ብታጠልቅ ምንም አይደል። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ግን አትጠጊው። በ2016 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ወንዙ ዳር ያለችውን ኤሊኮት ሲቲ የምትባል ከተማ ያጥለቀለቀው ጎርፍ የወረደው ወደዚሁ ወንዝ ነው። ውሃው ደፍርሶ ካየሽው ከዳሩ ራቂ። ከወንዙም አታጠጫት፤ በአውሬ ሽንት የሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። ክትባት ስላለው የእንስሳት ሐኪሟን ጠይቂ። የሚጠጣ ውሃና ሳህን ከቤት ያዢ።

ሜሪላንድ ውስጥ መዥገር ብዙ ነው፣ የላይም በሽታም ያስተላልፋል። ስትመለሱ መኪና ውስጥ ሳትገባ ጆሮዋን፣ ብብቷንና በጣቶቿ መሃል ያለውን በእጅሽ ዳብሺ። የራስሽንና የእማማንም እግር እዪ።

ምግብ ይዘን መሄድ ልማዳችን ነውና አንድ ነገር አደራ፦ ወጥ እንዳትቀምስ። ቁሌቱ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። እናቶች አዝነው ከጠረጴዛ ሥር ስለሚወረውሩላት ለእማማ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የቆሻሻ በርሜል አያስቀምጡም። የእሷንም የእናንተንም በፌስታል አድርገሽ ይዘሽው ትመለሻለሽ፤ ስለዚህ ጠንካራ ፌስታል ያዢ። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ፓርኩ ሲሞላ በሩን ስለሚዘጉ በጠዋት ድረሱ።

ሃርነሱን ዛሬውኑ ገዝተሽ እስከ ቅዳሜ ቤት ውስጥ አልብሰሽ አለማምጃት። ማጥበቂያው ሥር ሁለት ጣትሽ ብቻ ከገባ ልኳ ነው።