ስለ «ሚስትሪ ትሬይን» ጠይቁኝ፦ ሜምፊስ፣ ኤልቪስና ሁለት የጃፓን ወጣቶች

የአሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ «ሚስትሪ ትሬይን» በጣም ከምወዳቸው ፊልሞች አንዱ ነው። ደጋግሜ ስለማነሳው «ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ» ብያችሁ ነበር። ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ልካችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን አላየሁትም። ስለ ምንድን ነው?

በ1989 የወጣ ኮሜዲ ነው። ሦስት ታሪኮች አሉት፤ ሦስቱም አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ፣ ሜምፊስ ከተማ በአንድ ሌሊት ይሆናሉ። መጀመሪያ ጁንና ሚትሱኮ የሚባሉ ፍቅረኛሞች የሮክ ኤንድ ሮልን አገር ሊሳለሙ ከጃፓኗ ዮኮሃማ ይመጣሉ። ቀጥሎ ባሏ የሞተባት ጣሊያናዊት አስከሬኑን ወደ ሮም ልትወስድ ስትል ሳታስበው ሜምፊስ ታድራለች። በመጨረሻ ሥራውንም ፍቅረኛውንም ያጣ እንግሊዛዊ ሽጉጥ ይዞ ሲሰክር እናያለን። ሁሉም የሚያድሩት አንድ ያረጀ ሆቴል ነው። እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም።

ሦስቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸው ሆቴሉ ብቻ ነው?

አይደለም፣ ጆሮሽን ክፈቺ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ17 ላይ ሬዲዮው የሮክ ኤንድ ሮሉን ንጉሥ የኤልቪስ ፕሬስሊን «ብሉ ሙን» ያጫውታል። ዲጄው በድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ድምፁም የዘፋኙ የቶም ዌይትስ ነው። ያ ዘፈን በሦስቱም ታሪኮች ይሰማል። ጠዋት ደግሞ አንድ ተኩስ ይሰማል። መጀመሪያ ስትሰሚው ምን እንደሆነ አታውቂም፣ ሁለተኛም አታውቂም። ማን እንደተኮሰ የሚገባሽ ሦስተኛው ታሪክ ላይ ነው። ታሪኮቹ ተራ በተራ ይምጡ እንጂ የሚሆኑት እኩል ነው። ለዚህ ነው ሁለቴ እዩት የምለው።

ልጆቹ ኤልቪስ ይበልጣል፣ ካርል ፐርኪንስ ይበልጣል እያሉ የሚጨቃጨቁት ነገር አልገባኝም።

እኛ ጋ ጥላሁን ነው መሐሙድ ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚሟገቱት በለው። ሚትሱኮ የኤልቪስ ነች። ጁን ደግሞ ፐርኪንስ ይላል፤ «ብሉ ስዌድ ሹስ»ን ጽፎ መጀመሪያ የዘፈነው እሱ ነዋ። ኤልቪስ የዘፈነው ከእሱ በኋላ ነው። ሁሉም የሚያመልከውን ትቶ ሌላውን መምረጥ የወጣት ነገር ነው፣ ጁንም ይኮራበታል።

እኔን የሚያስቀኝ ግን የሚትሱኮ አልበም ነው። ኤልቪስን ከጥንት ንጉሥ፣ ከቡድሃ፣ ከነፃነት ሐውልትና ከዘፋኟ ማዶና ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ለጥፋዋለች። መመሳሰላቸውን ከልቧ ታምናለች። ጁን ፊቱ አይፈታም። ለምን ታዝናለህ ስትለው፣ ደስ ብሎኛል፣ ፊቴ እንዲህ ስለሆነ ነው ይላታል። እሷም ከንፈሯን በሊፕስቲክ ቀብታ ስማው አፉን ታቀላዋለች። ፎቶ የሚያነሳው ደግሞ የሆቴል ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ነገር አይረሳኝም፣ የምረሳው ክፍሎቹንና ኤርፖርቶቹን ነው ባይ ነው። ፊልሙ በእነዚህ ልጆች አያሾፍም። ፍቅራቸውን በቁም ነገር ይዞ ነው የሚያስቀን።

ፊልሙ በጥቁር ዘፋኞች ሙዚቃ የከበረውን ነጭ ዘፋኝ፣ ኤልቪስን፣ ማሞገስ አይሆንም?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ፊልሙ የሚለው ተቃራኒውን ይመስለኛል፤ ስብከት ስለሌለው ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል።

በየክፍሉ የኤልቪስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ እሱ ግን የለም፣ ከሞተ 12 ዓመት አልፎታል። በሮቹ ላይ የቆሙትን ተመልከት። ልጆቹ ከባቡር ወርደው ጣቢያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ እሳት ይጠይቃቸውና በጃፓንኛ ያመሰግናቸዋል። ሽማግሌው ጥቁሩ ዘፋኝ ሩፉስ ቶማስ ነው። በ1953 ለሜምፊሱ የሙዚቃ አሳታሚ ለሰን ሬከርድስ የመጀመሪያውን ታላቅ ስኬት ያመጣው እሱ ነበር፤ ኤልቪስ ገና አልታወቀም። ልጆቹ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው መጡና አላወቁትም። ከዚያ የዚያን አሳታሚ ቤት፣ ሰን ስቱዲዮን፣ ሲጎበኙ አስጎብኚዋ እንደ ጥይት ታንበለብለዋለች። አንዲት ቃል አይገባቸውም።

ሆቴሉም ያው ነው። ሪሴፕሽን ላይ ቀይ ሱፍ ለብሶ የተቀመጠው ጥቁሩ ዘፋኝ ስክሪሚን ጄይ ሆኪንስ ነው፤ በ1956 «አይ ፑት ኤ ስፔል ኦን ዩ»ን ያወጣው። ጃርሙሽ ያንን ዘፈን በ1984ቱ ፊልሙም ተጠቅሞበታል። ልጆቹ ለሻንጣ ተሸካሚው ከጃፓን ያመጡትን አንድ ፍሬ ፕሪም ጉርሻ ይሰጡታል። ተሸካሚው ሲያሳየው ሆኪንስ ተቀብሎ ይበላበታል። ፊቱን ለማየት ብቻ ያን ቦታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ደግሞ «ሚስትሪ ትሬይን» የዘፈንም ስም ነው፤ ፊልሙ ኤልቪስ በዘፈነው ይከፈትና ጥቁሩ ዘፋኝ ጁኒየር ፓርከር በዘፈነው ይዘጋል። ፓርከር በ1953 መጀመሪያ የቀረጸው ነው፤ ኤልቪስ የደገመው በ1955። ለእኔ የፊልሙ ፍርድ ይሄ ነው።

እንግሊዛዊውን የት ነው የማውቀው?

ጆ ስትራመር ነው፣ የዘ ክላሽ ባንድ ዘፋኝ። ሰው ሁሉ «ኤልቪስ» ሲለው የሚበሳጨውን ጆኒን ይጫወታል። አብሮት ያለው ፀጉር አስተካካይ ተዋናዩ ስቲቭ ቡሼሚ ነው።

የ13 ዓመት ልጄ ሮክ ትወዳለች። አብረን ብናየው?

እርስዎ ቀድመው ቢያዩት ይሻላል። የመኝታ ትዕይንት፣ ስድብና ሽጉጥ አለው። እኔ ትንሽ ትደግ እላለሁ።

ጃርሙሽ ከኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። የዋናው ገፀ ባሕርይ ጎረቤትም ዊንስተን የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለመንገድ ሲዲ ቀድቶ የሚሰጠው እሱ ነው። በዚያ ፊልም የተነሳ የሙላቱን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ የውጭ ሰው ብዙ ነው።

ሜምፊስ ብሄድ ሆቴሉን አገኘዋለሁ?

ሆቴሉ ፈርሷል። ሰን ስቱዲዮ ግን ዩኒየን አቬኑ ላይ አለ፣ ይጎበኛል።

ፊልሙን ሳላይ ሙዚቃውን ልስማ ብል ከየት ልጀምር?

ከፓርከር ጀምር። ከዚያ የኤልቪስን አስከትል። ሁለቱም የተቀረጹት ሰን ስቱዲዮ ነው። የፓርከር ባቡር ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ የኤልቪስ ይፈጥናል፣ ጊታሩም ይዘላል። ሁለቱን አዳምጠህ የትኛው እንደወሰደህ ንገረኝ።