ባልዲውን ልብ ያልኩት ባዶ ሲመጣ ነው

ልጆቼ፣

ሐረር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁንም መንገድ ላይ «ቲቸር!» ብሎ የሚጠራኝ አይጠፋም። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ሐኪም ሆናለች። ከኔ ትምህርት ሁለቱም የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቁራሪት የቀደድንበትን ቀን።

እኔም የምመክራችሁ ከዚያ ቀን ተነስቼ ነው።

ያኔ መስከረም ላይ ትምህርት እንደተከፈተ ሁለት ሦስት ጎረምሳ መርጬ ባልዲ አስይዤ ወደ ሐረማያ ሐይቅ እልክ ነበር። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ማታ ሠላሳም አርባም እንቁራሪት ይዘው ይመጣሉ። በማግስቱ ክፍሉ ክሎሮፎርም ክሎሮፎርም ይሸታል። ሆዱ ተከፍቶ ልቡ ገና ሲመታ ሲያዩ አንዳንዶቹ ይጮሃሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ያን ቀን ሐኪም ለመሆን ይወስናሉ።

አንድ ዓመት ባልዲው ውስጥ ስድስት ብቻ መጣ። ልጆቹን ተቆጣኋቸው። «ጫት ስትቅሙ ውላችሁ ነው!» አልኩ። «ወላሂ ቲቸር፣ የለም!» አሉኝ። አላመንኳቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ባልዲው ባዶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ራሱ ደረቀ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ድሮ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ቦታ ላይ ከብት ይግጥ ነበር። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይሳብ ነበር፣ የሐረር ከተማም ከዚያው ይጠጣ ነበር፣ ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው ደለል ደግሞ ከሥር ይሞላው ነበር። የትኛው ሐይቅ ይችለዋል?

በኋላ አንድ ተመራማሪ ቤቴ መጣ። በትህትና ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የትኞቹ ዝርያዎች ነበሩ? በየዓመቱ ስንት ያህል ታገኙ ነበር? መቀነስ የጀመረው መቼ ነው?»

አቦ፣ አፈርኩ! ከሃያ ዓመት በላይ፣ በግምት ሰባት መቶ እንቁራሪት በእጄ አልፏል። አንድ መስመር አልጻፍኩም። ለሰውዬው የሰጠሁት መልስ «ብዙ ነበር» የሚል ነው። የልጆቹን ውጤት በሦስት ቅጂ የማስቀምጥ ሰው፣ የእንቁራሪቱን ቁጥር ግን ከባልዲው ውሃ ጋር ደፋሁት።

አሁን ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ላስረዳ።

እንቁራሪት፣ ጉርጥና ዘመዶቻቸው፣ በመማሪያ መጽሐፉ አነጋገር እንቁራሪት አስተኔዎች፣ በዓለም ላይ ካሉት የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ8,000 በላይ ዝርያዎችን መዝኖ ከመቶ 41 ያህሉ የመጥፋት አደጋ አንዣቦባቸዋል አለ። በአጥቢዎች ከመቶ 27 ገደማ፣ በወፎች 13 ገደማ ነው። ይህን ማለት የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሳሳይ ቆጠራ ተደርጎ ስለነበር ነው። ሁለቱን አነጻጽረው ከ2004 ወዲህ ሁኔታቸው ከባሰባቸው ዝርያዎች መካከል ለብዙዎቹ ዋናው ምክንያት የአየር ንብረት ለውጥ እንደሆነ አሳዩ። የፊተኛው ቆጠራ ባይኖር የኋለኛው ምን ይናገር ነበር?

ኮስታ ሪካ ውስጥ ሞንቴቬርዴ የሚባል ደመና የማይለየው ጫካ አለ። እዚያ ወርቃማ ቀለም ያለው ጉርጥ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎች በመራቢያ ኩሬዎቹ ዙሪያ ከ1,500 በላይ ቆጠሩ። በ1989 አንድ ወንድ ብቻ ታየ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። 1,500 ሲሆኑ የቆጠረ ሰው ባይኖር የአንዱን ብቸኝነት ማን ያውቅ ነበር? እኔ ብሆን «ብዙ ነበር» እል ነበር።

ገዳዩ ማን ነው ተብሎ ብዙ ተለፋ። ከዋናዎቹ አንዱ ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። ስም ወጥቶለት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሠራሩ ተንኮለኛ ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ ውሃና ጨውም በቆዳዋ ታስገባለች፣ ታስወጣለች። ፈንገሱ የሚያጠቃው ይህንኑ ቆዳ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ከደሟ ውስጥ ይቀንስና በመጨረሻ ልቧ ቀጥ ይላል። ጭራ ያላቸው ልጆቿ ግን ፈንገሱ የሚፈልገው ኬራቲን (የኛ ጥፍር የተሠራበት ጠንካራ ነገር) አፋቸው ላይ ብቻ ስላላቸው በሽታውን ይዘውት ያድጋሉ፤ እግር አውጥተው ከውሃ ሲወጡ ነው የሚያልቁት። ኩሬው በልጆች ተሞልቶ እያያችሁ ትውልዱ ያልቃል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዚህ ፈንገስ ሰበብ ቢያንስ 501 ዝርያዎች እንደቀነሱና ከነዚህ 90ዎቹ እንደጠፉ እንደሚገመት አስቀምጧል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፈንገሱ ከየት መጣ የሚለው ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪቶች ለእርግዝና ምርመራ ይፈለጉ ነበር። የሴትየዋ ሽንት ይወጋባቸዋል፤ እንቁላል ከጣሉ አርግዛለች ማለት ነው። በዚህ የተነሳ በመርከብ ወደ ዓለም ሁሉ ተጫኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች በየሙዚየሙ ማሰሮ ውስጥ የተቀመጡ 697 የድሮ የአፍሪካ እንቁራሪቶችን መረመሩ፤ ፈንገሱን በ1938 በተያዘች አንዲት እንቁራሪት ቆዳ ላይ አገኙት። «ታዲያ ከአፍሪካ ነው የወጣው» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የፈንገሱ ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ምንጩ ምሥራቅ እስያ መሆኑ ታየ፤ ከሁሉም ይበልጥ ምንጩን የሚመስለው ከኮሪያ የተገኘው ነበር።

ያን የ1938ቱን ሰው አስቡት። ፈንገስ የሚባል ነገር አያውቅም። እንቁራሪቷን ማሰሮ ውስጥ ከተተ፣ ወረቀት ላይ ቦታና ቀን ጻፈ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከ66 ዓመት በኋላ ያቺ ወረቀት ለትልቅ ጥያቄ ምስክር ሆና ቀረበች። እኔ ዘንድ 700 ምስክር ነበር።

የኛው አገር ጉዳይ ደግሞ የባሰ ያጓጓል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ብዙዎቹ ሌላ አገር የሉም። በባሌ የሐረና ጫካ አካባቢ ካልሆነ በቀር ዓለም ላይ የማይገኙም አሉ። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉ ተራሮቻችን ቀንድ አውጣ የሚበላ እንቁራሪት አለ። ስትሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። ከዛጎሉ ጋር ነው የሚውጠው!

እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ኤርላንገርና ኖይማን የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ከዘይላ ተነስተው በሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። በስማቸው የተጠሩ ሁለት እንቁራሪቶች በ1924 ተመዘገቡ። በኖይማን ስም የሚጠራው ለዘመናት አንድ ዝርያ ሲባል ኖረ። በቅርብ ዓመታት ዘረመሉ ሲታይ፣ ድምፁም ሲቀዳ፣ አንድ የተባለው ብዙ ሆኖ ተገኘ። በ2021 ብቻ ከዚህ ቡድን አራት አዲስ ዝርያዎች ስም ወጣላቸው። ስምጥ ሸለቆው መሐል ገብቶ የምዕራቡንና የምሥራቁን ደገኛ ለብዙ ሺህ ትውልድ አለያይቷቸዋል። እኛ ሐረርጌዎች ከምሥራቁ ወገን ነን። ታዲያ በኔ ባልዲ ውስጥ የነበረው አንድ ዓይነት ነበር ወይስ ሦስት? ከሰሐራ በታች ያለ መምህር ሁሉ «እንቁራሪት» ብሎ ያለፈው ስንቱን ይሆን?

ፈንገሱም እኛ ዘንድ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዓይነት እንቁራሪቶች ላይ በስፋት እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላ ስትሄዱ ጫማችሁን እጠቡ፣ አድርቁ። እንቁራሪት ይዛችሁ አታዛውሩ። ለትምህርት ቤትም ቢሆን! (ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ሳቁ።)

ድሬዎች ደግሞ «እንቁራሪት ለኛ ምናችን ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ወንዛችሁ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሲመጣም ቤት ይዞ ነው የሚሄደው። ግን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ኮስታ ሪካና ፓናማ ውስጥ እንቁራሪቶች ካለቁ በኋላ በየወረዳው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር ለዓመታት ከፍ ብሎ እንደቆየ አሳይቷል። የትንኝ እጭ የሚበላው ስለጠፋ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሳውን ወባ ታስታውሳላችሁ። ያን ግን ከእንቁራሪት ጋር አታያይዙት። ከእስያ የገባችው ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ናት፤ የምትራባውም በሮቶ፣ በበርሜልና ለግንባታ ውሃ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። እንቁራሪት ሮቶ ላይ አትወጣም። መክደን የእናንተ ሥራ ነው። እውነቱ ከምትወዱት ታሪክ ጋር ባይገጥምም እውነቱን ያዙ።

ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምለው? ጻፉ። ሌላ የለኝም። እኔ ያኔ ደብተርና እስክሪብቶ ነበረኝ፤ እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ ካሜራም፣ ድምፅ መቅጃም፣ ቦታ የሚነግር ካርታም አለ። ዝናብ በጣለ ማታ የኩሬውን ድምፅ ሁለት ደቂቃ ቅዱ። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ጥሪ ስላለው ባለሙያ ቆዳውን ሳያይ በድምፁ ይለየዋል። ፎቶውን አይናቹራሊስት የሚባለው አፕ ላይ ብትጭኑት ሌላ አገር ያለ ሰው ስሙን ሊነግራችሁ ይችላል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሄዳችሁ ምንም ካልሰማችሁም «ምንም» ብላችሁ ጻፉ። ያ ስድስት የመጣበት ዓመት፣ ያ ባዶ የመጣበት ዓመት፣ ሁለቱም ቁጥር ነበሩ። እኔ ግን ልጆቹን ገረፍኩ እንጂ ደብተር አልከፈትኩም። ከገረፍኳቸው ልጆች አንዱ አሁን ውጭ አገር ነው፤ በስልክ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ረስቶት ነበር።

«ልዩ እንስሳ ሳገኝ እጽፋለሁ» አትበሉ። በየቀኑ ከምታዩት ጀምሩ። የሚጻፍ የማይመስለው እሱ ነው የሚያመልጠው።

የሐረማያ ውሃ ባለፉት ጥቂት ዓመታት መመለስ ጀምሯል። ባለፈው ክረምት ከልጅ ልጄ ጋር ሄድኩ። ዳሩ ጭቃ ነው፣ ጉልበቴም እንደድሮው አይደለም፤ እሷ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሊመሽ ሲል አንድ ድምፅ ሰማን። ቆይቶ ሌላ መለሰለት። እሷ በስልኳ ቀዳች። እኔ ከሱቅ የገዛሁትን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣሁና የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ሐምሌ 18። ሐረማያ፣ የድሬዳዋ መንገድ ጎን። ከምሽቱ 12፡40። ሁለት ጠሪ። ድምፃቸው ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል ይመስላል። ዝርያው አልታወቀም።»