ለራሴ ብዬ የገለበጥኩት ፊልም ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው እዚሁ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው። ፊልም መሰብሰብ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ቤቴ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ሲዲዎች አሉኝ፤ የአማርኛ ፊልም አለ፣ የውጭ አለ፣ የመዝሙር ቪሲዲም አለ። ከፊሎቹን በገንዘቤ ገዝቻለሁ። የቀሩትን ግን ያኔ ፊልም የሚያከራዩ ቤቶች በነበሩ ጊዜ እየተከራየሁ፣ ማታ በኮምፒውተሬ ገልብጬ ጠዋት እመልስ ነበር። አንዱንም አልሸጥኩም፣ አላከራየሁም። በቅርቡ ጉባኤ ላይ «አትስረቅ» የሚለው ሲሰበክ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ለራሴ ብቻ መገልበጤ ሌብነት ነው? አባቶቻችንስ መጽሐፍ እየገለበጡ አይደል ወይ ያቆዩልን? ሌላው፣ እህቴ ሐዋሳ ናት። ያረፈችው እናታችን ትወደው የነበረውን የመዝሙር ቪሲዲ ገልብጬ እንድልክላት ጠይቃኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። ይህ ነገር በየቤታችን አለ፤ ንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ «ፊልም ገልብጫለሁ» የሚል ሰው ግን ብዙ አይገኝም። እኔም ወጣት ሳለሁ አንድ የመዝሙር ሲዲ ገዝቼ ለጉባኤያችን ልጆች በሙሉ እየገለበጥኩ አድያለሁ። አገልግሎት ነበር የመሰለኝ። ባዶ ሲዲውን በኪሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት፣ ከማንም ሳንቲም አልተቀበልኩም፣ እንዲያውም ተመርቄበታለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ዘማሪ ጋር ቁጭ ብለን ስንጫወት፣ ሥራውን ለማሳተም የዕቁብ ብሩን ቀድሞ ወስዶ እንደነበረና ሲዲው በወጣ በሳምንቱ ቅጂው በየሰፈሩ እንደተበተነ ነገረኝ። ያልተሸጠው ካርቶን አልጋው ሥር ነበር። ዕቁቡን ከደመወዙ እየቆረጠ ነው የጨረሰው። እሱ ማንንም አልከሰሰም፣ ስለ እኔም አያውቅም ነበር። እኔ ግን ቡናው አልወርድ አለኝ። ስለዚህ የምጽፍልህ ከላይ ሆኜ አይደለም።

መገልበጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኮምፒውተሩም አልረከሰም። መጠየቅ ያለብህ ይህ በእጄ የያዝኩት ነገር የማን ድካም ነው፣ ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ፣ የሚገባውን አግኝቷል ወይ ብለህ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ ሲዲዎችህን ሁሉ አውርደህ ምንጣፍ ላይ ዘርጋቸውና ለያቸው።

በገንዘብህ የገዛሃቸውን በአንድ በኩል አድርግ። በእነዚህ ልብህ ይረፍ። ከፍለህባቸዋል፣ እንዳይበላሹብህ ለራስህ አንድ ቅጂ ብታስቀር ማንንም አልበደልክም። የአገሩም ሕግ ከዚህ ጋር ይስማማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9 ላይ፣ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። አንድ ቅጂ፣ ለራስ ብቻ። ይኸው አንቀጽ ግን መቅዳቱ የባለቤቱን ጥቅም ያለ አግባብ የሚጎዳ ከሆነ ፈቃዱ እንደማይሠራ ጨምሮ ተናግሯል። ይህችን ሁለተኛዋን ሐሳብ ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ሲዲዎች ለዓመታት የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ አንድ ነገር ልምከርህ። የአዳማን ሙቀትና አቧራ አንተው ታውቀዋለህ። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ላይ ፊልሙ የተቀመጠው ፕላስቲኩ ላይ ተጨፍልቀው በወጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ቤት ውስጥ የምንገለብጥበት ባዶ ሲዲ ግን የመገልበጫው ጨረር (ሌዘር) የሚጽፈው ቀለም ላይ ነው፣ ቀለም ደግሞ ፀሐይና ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ኦርጅናሉን በሽፋኑ አቁመህ ጥላ ቦታ አስቀምጠው፣ የምታጫውተው ቅጂውን ይሁን። ብዙ ሰው ቅጂውን አስቀምጦ ኦርጅናሉን ሲያጫውት ኖሮ በመጨረሻ ሁለቱንም ያጣል። ስታጸዳ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረግ እንጂ ክቡን ተከትለህ አታዙር። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው፤ ሲዲና ቪሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ከጽሑፉ ጎን ልክ ሥር ስለሆነ እዚያ የተጫረ ሲዲ አይድንም። ዲቪዲ ይሻላል፣ መረጃው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ነው ያለው።

አሁን ወደተከራየሃቸው እንምጣ። እንቅልፍ የነሱህ እነሱ ናቸው፣ መንሳታቸውም ልክ ነው።

የከፈልከው የአንድ ሌሊት ዋጋ ነው። የወሰድከው ግን ለዕድሜ ልክ ነው። «ጠዋት መልሼላቸዋለሁ እኮ» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ፕላስቲኩን መልሰሃል። ባለ ፊልሙ የሚሸጠው ግን ፕላስቲክ አልነበረም፤ ባዶ ሲዲማ በየሱቁ አለ። እሱ የሸጠው ጽፎ ያደረበትን፣ መብራት ተሸክሞ የቆመውን ልጅ፣ ተዋናይዋን፣ ድምፅ ያነሳውን ሰው፣ ለምሳ የተበደረውን ብር ነው። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊልም ሠሪ ያወጣውን የሚመልሰው ከሲኒማ ቤት መግቢያና ከሲዲ ሽያጭ ነበር። አንተ ገልብጠህ ባትይዘው ኖሮ ከወደድከው ልትገዛው ትችል ነበር። ስለዚህ ያቺ የአንቀጽ 9 ሁለተኛ ሐሳብ እዚህ ላይ ትመጣለች። ፍርድ ቤት የአንተን ጉዳይ እንዴት እንደሚያየው የሕግ ባለሙያ ይናገር፤ ብቻ አዋጁ አውቆ መብት የጣሰን ሰው በእስራት እንደሚቀጣ ስትሰማ መንግሥትም ነገሩን እንደ ቀልድ እንዳላየው ትረዳለህ። እኔ የምመልስልህ ስለ ነፍስህ ነው። ጌታችን «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» ብሏል፣ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል። ገንዘቡ ነው የሚጮኸው፣ ሠራተኛው ዝም ቢል እንኳ። ያ ዘማሪ ዝም ብሎ ነበር።

የአባቶችን ነገር ያነሳኸው ጥሩ አድርገሃል፣ ብዙ ሰው በዚህ ይከራከራል።

እውነት ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችን የቆመችው በሚገለብጡ እጆች ነው። ግን እንዴት እንደገለበጡ አስብ። ፍየሉ ይታረዳል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ብራና ይሆናል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈልጋል። ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ብርዑ ይቀረጻል፣ ከዚያ ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ወራት ይጽፋል። የሚያጽፈው ሰው ለጸሐፊው ድካሙን ይከፍላል። የሚገለበጠው መጽሐፍ ባለቤት ደግሞ፣ ገዳምም ይሁን ደብር፣ ፈቅዶ ነው የሚያውሰው፤ መጽሐፉ እንዲበዛ የሚፈልገው ራሱ ነውና። መጨረሻው ላይ ምን እንደሚጻፍ ታውቃለህ? «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» እያለ ይሄዳል። የጻፈውንም፣ ያስጻፈውንም፣ ያነበበውንም፣ የሰማውንም እግዚአብሔር ይማራቸው ነው የሚለው። ማንም አልተረሳም። የደከመው ሰው በመጀመሪያ ተጠርቷል። በዚያው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» የሚል ውግዘት ታገኛለህ፣ የሰረቀው የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን እያለ። እንግዲህ እነዚያ እንደ ልብ የሚገለብጡ አባቶች መገልበጥንና መስረቅን ለይተው ያውቁ ነበር። የሚለየው ፈቃዱና የደከመው ሰው ድርሻ ነው። የእነሱን ስም ይዘን ተከራይተን የገለበጥነውን ልንሸፍንበት አይገባም፣ እኔ ይህ ያሳዝነኛል።

«የውጭ ፊልም ነው፣ ባለቤቱ ሀብታም ነው፣ ደግሞ የት አገኘዋለሁ» የሚልም አለ። ዘዳግም 22ን አንብብ። የወንድምህ በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት ይላል፤ ወንድምህ ሩቅ ቢሆን፣ ወይም ጭራሽ ባታውቀው፣ ቤትህ አስገብተህ እስኪፈልገው ድረስ ጠብቅለት ይላል። ባለቤቱን አለማወቅህ ንብረቱን የአንተ አያደርገውም። ሀብታም ይሁን ድሃ ይሁን አልተጻፈም። ኦርጅናሉ እዚህ ገበያ ላይ አይገኝም ካልከኝ እሱ እውነት ነው፣ አስቸጋሪም ነው፣ ብዙ ቅን ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። እኔ ለራሴ ያገኘሁት መልስ ያልደረሰኝን ሁሉ ማየት የለብኝም የሚል ነው።

ለጓደኛ መስጠቱን አልጠየቅከኝም፣ ግን 300 ሲዲ ያለው ሰው ቤት ጓደኛ መምጣቱ አይቀርም። ማዋስ ሌላ ነው፣ ኦርጅናሉን ታውሰዋለህ፣ አይቶ ይመልሳል። «ፍላሽህን አምጣ ልገልብጥልህ» ካልክ ግን ለራስ ብቻ የሚባለው ነገር አለቀ። ብር ባትቀበልም ማደል ጀምረሃል። እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ይህ ነው።

ስለ ፊልሞቹ ይዘት ረጅም ነገር አልልም። ልጆችህና ንስሐ አባትህ አጠገብህ ተቀምጠው ልታየው የማትደፍረው ካለ፣ ኦርጅናል ቢሆንም አውጣው።

ታዲያ የተገለበጡትን ምን ላድርጋቸው? ዘኬዎስን አስታውስ። ጌታ ቤቱ ሲገባ «ከዛሬ ጀምሮ አላታልልም» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መመለስ የሚቻል ነገር ሲሆን ንስሐ በአፍ ብቻ አይሆንም። ከእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ዛሬም የሚሸጥ ካለ፣ በሲዲም ይሁን በስልክ በኩል በሚከፈልበት መንገድ፣ የምትወደውን ግዛው። በአንድ ቀን ሁሉንም ግዛ አላልኩህም፣ ቤተሰብ ታስተዳድራለህ፤ በወር አንድ ብታደርግ ይበቃል። የማትመለስበትን ፊልም ሰብረህ ጣለው፣ ሳጥን ውስጥ ለምን ትጠብቀዋለህ? ባለቤቱን ልታገኘው የማትችለውን ግን በራስህ አትቁረጥ፣ እኔም በጽሑፍ አልቆርጥልህም። ንስሐ አባትህ ጋር ሂድና እንዲህ እንዲህ ነው ብለህ ንገራቸው። ምጽዋት ስጥ ሊሉህ ይችላሉ፣ ሌላም ሊሉህ ይችላሉ። ደግሞ «ቆይ ቁጥሩ ከ300 ወደ 140 ይወርዳል» ብለህ ከተጨነቅህ፣ ያቺን ጭንቀትም ይዘህላቸው ግባ። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ብልና ዝገት ስለሚያጠፉት መዝገብ የተነገረው መደርደሪያ ላይ ለተደረደረ ነገርም ይሠራል።

የእህትህን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ ስለሚቀል ነው። እህትህ እናታችሁ ትወደው የነበረውን መዝሙር መስማት መፈለጓ የተባረከ ነገር ነው፣ ነፍስ ይማር። ለምን አስቀድመህ እዚህ መንፈሳዊ መጻሕፍትና መዝሙር የሚሸጡ ሱቆች ጋር አትጠይቅም፣ እሷም ሐዋሳ ላይ ትጠይቅ። ከተገኘ አዲስ ግዛላት፣ ከአንተ ቅጂ የተሻለ ይጫወትላታል። ካልተገኘ የቪሲዲውን ሽፋን አዙረህ እየው። ብዙ የመዝሙር ሥራዎች ላይ ከጀርባ በታች በኩል የዘማሪው ወይም የአሳታሚው ስልክ አለ። ደውልለት። «እናቴ ይህን መዝሙር ትወደው ነበር፣ አርፋለች፣ ለእህቴ አንድ ቅጂ ብልክላት ትፈቅዳለህ?» በለው። ዋጋውን በሞባይል ልላክልህ በለው። እኔ ለዚያ ዘማሪ ዘግይቼም ቢሆን ስከፍለው ከብሩ ይልቅ የደስታው እንባ ነው ያስደነገጠኝ፤ «መዝሙሩን ማን እንደሚሰማው አላውቅም ነበር» አለኝ። ስልኩ አልሠራ ካለህ ሽፋኑን ይዘህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ና፤ ዘማርያኑን የሚያውቁ ልጆች አሉ፣ አብረን እናፈላልገዋለን።