ዋት ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሽት ልናዘጋጅ ነው። ስፒከር አከራዩ «ዋቱ ብዙ ከሆነ ይበቃል» ይለናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። እኔ መጀመሪያ የማየው ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ ነው። የዚህ ሙዚቃ ጉልበት ያለው ከ40 እስከ 100 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) አካባቢ ነው፤ እሱን የሚያወጣው ሰብዉፈር (ባጭሩ ሰብ) የሚባለው የቤዝ ስፒከር ነው። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ሰብ ጨምሩ። ግራና ቀኝ ግን አትበትኗቸው፤ መሃል ላይ አንድ ላይ ደርድሯቸው። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ነው፤ ከሁለት ቦታ ሲነሳ አንዳንድ ቦታ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እዚህ ቆመህ ደረትህን ይመታሃል፣ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ስትል ጭራሽ የለም! ይሄ በጣም ያበሳጨኛል፤ ሰው ከፍሎ ነው የገባው። ደግሞ የዲጄውን ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያውን) ተከታተሉ፤ ቀይ መብራት ከበራ ድምፁ ከልክ አልፎ የሞገዱ ጫፍ እየተቆረጠ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ ዝቅ ይበል። ጆሮ የሚያደክመው እንዲህ ተቆርጦ የተበላሸው ድምፅ ነው።