ላቦራቶሪ ለምትገቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የሰውነታችንን በሽታ የመከላከል ሥርዓት ልታጠኑ ከተነሣችሁ አንድ አደራ አለኝ፦ ዝም ያለ ሕዋስ ስታገኙ «ደክሟል» ብላችሁ አትለፉት።

ባክቴሪያ እየዋጠ የሚያጠፋውን ማክሮፌጅ ፕሌት ላይ አሳድጉና ኤልፒኤስ ጨምሩበት። ኤልፒኤስ የእነ ኢኮላይና የእነ ሳልሞኔላ የውጭ ሽፋን አካል ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕዋሱ ትኩሳትና ብግነት የሚቀሰቅሰውን ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን በብዛት ያመነጫል። በማግስቱ ያንኑ ኤልፒኤስ ድገሙለት። የፕሮቲንን መጠን በቀለም በሚያሳየው በኢላይዛ ምርመራ ቲኤንኤፉን ስትለኩ የመጀመሪያው ቀን የፕሌት ጉድጓዶች ደማቅ ቢጫ ሆነው ሳለ የሁለተኛው ቀን ፈዘዝ ብለው ይቀራሉ። «ሕዋሱ ዝሏል» ብሎ መጻፍ የሚቃጣችሁ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ቢሰን ጥንቸሎችን የታይፎይድ ክትባት ደጋግሞ ሲወጋ ትኩሳታቸው እየቀነሰ መሄዱን አሳይቶ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ከተመራማሪው ሩስላን መድዝሂቶቭ ላቦራቶሪ የወጣው ግኝት ነው። ኤልፒኤስን በለመደ ሕዋስ ውስጥ ጂኖቹ ሁሉ አይዘጉም። ብግነት የሚያባብሱት፣ ዲኤንኤው በተጠመጠመባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ በሚደርስ ኬሚካዊ ለውጥ ይታፈናሉ። ባክቴሪያ ለመግደል የሚያገለግሉት ግን ክፍት ናቸው፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ በሁለተኛው ጊዜ ፈጥነው ይነሣሉ። ሕዋሱ የገዛ ሰውነቱን ከብግነት እየጠበቀ ተህዋሲውን መዋጋቱን አላቆመም ማለት ነው! ቲኤንኤፍን ብቻ የለካ ሰው ይህን ከቶ አያይም። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ሕዋሳት ቁጠሩ፣ ከቲኤንኤፍ ጎን ባክቴሪያ የሚገድል አንድ ጂን እንኳ ለኩ።

ደግሞ ዕቃችሁን ጠብቁ። ዕቃ በግፊት እንፋሎት በሚያመክነው አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ኤልፒኤሱ ግን ይተርፋል። ብርጭቆውን በደረቅ ምድጃ 250 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆዩት፤ ሕዋሱን የምታሳድጉበትን ሴረምም ኢንዶቶክሲን (ይኸው ኤልፒኤስ) እንዳይኖርበት አስመርምሩ። አለበለዚያ ሕዋሱ ገና ሙከራው ሳይጀመር ለምዶ ይጠብቃችኋል።

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የደም መመረዝን የመጀመሪያ ብርቱ ትኩሳት ተሻግረው፣ ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሶቻቸው ለኤልፒኤስ የሚሰጡት ምላሽ ተዳክሞ ሳለ ሁለተኛ ኢንፌክሽን የሚይዛቸው ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ሕሙማን የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃቃው ፕሮቲን ኢንተርፌሮን ጋማ ተሞክሯል፤ ማንን እንደሚጠቅም ለመለየትም በሞኖሳይቱ ላይ ያለው፣ የሕዋሱን ንቃት የሚጠቁመው ፕሮቲን ኤችኤልኤ-ዲአር ይለካል። ሕዋሳትን አንድ በአንድ በብርሃን የሚመረምር ፍሎውሳይቶሜትሪ ማሽን ካገኛችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ልኬት ተማሩ።